ቀስት የለበሰችው አክስቴ

አክስቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሾፌር ሁሉ «እትዬ ዙር» ነው የሚላት። እሷም ስሙን እሺ ብላ አልተቀበለችውም፣ እምቢም አላለችም፤ ሲጠሯት ብቻ ትወጣለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ አንዳንዴም መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች፣ ከስፌት መኪናዋ ትነሳና በራችን ላይ ቆማ «ዙር! ወደ ግራ ዙር! ና… ና… ና… በቃ! አንተ ሰውዬ፣ በቃ አልኩህ እኮ! ግድግዳዬን!» ትላለች። ጠፍቶ የመጣው መኪና እንደምንም ይዞራል፣ ሾፌሩ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል፣ እሷም እያጉረመረመች ወደምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ትመለሳለች።

«ጠፍቶ የመጣው» ያልኩት ወዶ የሚመጣ ስለሌለ ነው። የኛ መንገድ የትም አይሄድም፤ ወንዙ ጋ ደርሶ ያልቃል። ድሮ ድልድዩ ሳይሠራ ሰው የሚሻገረው በጀልባ ነበር፣ አክስቴም እዚህ ቤት የገባችው ጀልባ ቀዛፊውን አግብታ ነው። ጀልባ የሚጠብቅ ሰው መቼም ቁልፉ ይበጠሳል፣ ኪሱ ይተረተራል። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም። የአንዱን ቁልፍ ስትተክል፣ የሌላውን ኪስ ስትጠግን፣ ሳታስበው ልብስ ሰፊ ሆና አረፈችው። ድልድዩ ከላይ በኩል ተሠርቶ ጀልባው ሲቆም ባሏ ብዙም አልቆየም፣ ሞተ። እሷ የስፌት መኪናዋን የፊት ክፍሏ መስኮት ስር አድርጋ ቀረች። እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ ፊደልም ስፌትም የቆጠርኩት በዚያች ክፍል ነው። የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የሚለካው እዚያው ነው። ክፍሏ ከሄደች እንጀራችንም ሄደ ማለት ነው፤ ከኋላ ያለችው መኝታ ቤት እንደሆነች አልጋና ቁም ሳጥን ይዛ ሰው ለማስገባት እንኳ ታንገራግራለች።

አሁን ስለ ሰሌዳው ልንገራችሁና እናንተም ተናደዱ። ወንዙ ድንበር ነው። አገሩ አንድ፣ አስተዳደሩ ግን ሁለት፤ ሁለቱም መንገዱን በየራሳቸው ቁጥር ነው የሚጠሩት። ከወዲህ በኩል ዋናው መንገድ «ሰባት» ነው። ያው መንገድ፣ ያው አስፋልት፣ ድልድዩን ሲሻገር «አሥራ ሁለት» ይሆናል። ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ! ጣጣው ያለው ከድልድዩ በፊት ያለችው መገንጠያ ላይ ነው። ድልድዩን ያሠሩት የወዲያ ማዶዎቹ ስለሆኑ ወደ ግራ የሚያሳየውን ሰሌዳ እነሱ ተከሉና የራሳቸውን ቁጥር ጻፉበት፤ አሥራ ሁለት። የኛዎቹ ደግሞ «ሰባት ቁጥር መንገድ ጀልባው ጋ ያልቃል» የሚለውን የድሮ ነገር የሰረዘው ስለሌለ፣ ወደ ቀኝ ቀስት ሠርተው ሰባት አሉ። እንግዲህ «ከሰባት እንዳትወጣ» ተብሎ የተመከረ ሾፌር ምን ያድርግ? ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ መጥቶ አክስቴ በር ላይ ይገተራል። «ድልድይ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ግማሹ የኛ ግማሹ የነሱ ስለሆነ «ድልድይ» ብሎ መጻፍ የማን ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። ወይ ጉድ!

አንድ ቀን ከመንገድ መሥሪያ ቤት አንድ ጎልማሳ መጣ። ትሁት ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። የፊት ክፍሏን በውጭ ለካና ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት አደረገ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቴ።

«ይፈርሳል፣ እትዬ። መኪኖች እየጠፉ እዚህ መጥተው መዞሪያ እያጡ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ማዞሪያ ሊሠራ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ይጀመራል።»

«ጠፍተው እንደሚመጡ ታውቃላችሁ ማለት ነው?»

«በደንብ እናውቃለን።»

«ታዲያ ሰሌዳውን አታስተካክሉትም?»

ሰውየው አዘነላት። የምሬን ነው፣ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ሰሌዳውን ለመንካት የሁለቱም ወገን ስምምነት ያስፈልጋል። የእርስዎ ቤት ግን ያለው በኛ በኩል ብቻ ነው» አላት።

እኔ ደሜ ፈላ። አክስቴ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ስለማውቃት መቀሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት።

አባቴ ወሬውን ሰምቶ እየበረረ መጣ። «እህቴ፣ ተይ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ዕቃሽን ጫኚና እኔ ጋ ነይ» አላት።

«ሰማይ ይታረስ ማን አለ? ሰሌዳ ይታረም ነው ያልኩት!» አለችው። አባቴ ሻዩን ጠጥቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቢሮ ሄድን። የወዲህኞቹ «የወዲያኞቹን ጠይቁ» አሉን። ተሻግረን ስንጠይቅ የወዲያኞቹ «የወዲህኞቹ ይጠይቁን» አሉ። በማግስቱ አክስቴ ነጭ ጨርቅ ላይ «ድልድይ በዚህ» ብላ ሰፋችና መገንጠያው ላይ ካለው ዛፍ አሰረችው። ወዲያው ትራፊክ ፖሊሱ ፈትቶ፣ አጣጥፎ አመጣላት። «እትዬ ዙር፣ ያልተፈቀደ ምልክት መንገድ ላይ መትከልም ማሰርም ክልክል ነው።»

«መልበስስ?»

«ምኑን?»

የዩኒፎርሙን ጨርቅ ገፋ አድርጋ፣ ለዝናብ ልብስ ከገዛነው የተረፈ ቢጫ ጨርቅ ዘረጋች። ካባ የመሰለ ሰፊ ልብስ ቆረጠች፤ ፊቱም ጀርባውም ላይ «ድልድይ» የሚል ጥቁር ጽሑፍና ከስሩ ትልቅ ቀስት። ቀስቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ወደ ቀኝ እጇ አድርጌ። ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ስትል ጮኸች።

«አንቺ! ፊቴን ሳዞርለት የሾፌሩ ግራ የኔ ቀኝ ነው። ጀርባዬን ስሰጠው ግን ግራው ግራዬ ነው። እንዲህ ሆኜ ዞር ካልኩ ወደ ቤቴ ልነዳቸው ነው? ልብስ የሚሰፋ ሰው ይሄ ይጠፋዋል? ተርትሪው!»

ተረተርኩት። በነጋታው ትንሿን መቀመጫ ዱካዋን ይዛ መገንጠያው ዳር ተቀመጠች። መኪና ሲመጣ ትነሳለች፤ ሲያልፍ ተቀምጣ እጅጌ ትዘመዝማለች። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ዙሪያዋን ተመለከተ።

«ምልክት መትከል…» ብሎ ጀመረ።

«ተተክያለሁ እንዴ? ልብስ ነው የለበስኩት። ልብስ ሰፊ ደግሞ የሰፋችውን ትለብሳለች። ያንተን ሱሪ ያሳጠርኩትስ እኔ አይደለሁ?»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እንግዲያው አስፋልቱ ላይ አይውጡብኝ» ብሏት ሄደ።

አንዳንዱ አብዳለች አለ። አንዱ ሾፌር «እትዬ ዙር፣ ጵጵስና ነው?» ብሎ ቀለደባት። «አንተን ንስሐ ለማስገባት ነው፣ ወደ ግራ ታጠፍ!» አለችው። ዘነበም፣ ጠራም፣ አልቀረችም። እኔ ስፌቱን ብቻዬን ተያያዝኩት። ግቢያችን ጭር አለ። ዶሮዎቹ መንገዱ መሃል መተኛት ጀመሩ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ቤት አፍራሹ ሎደር በትልቅ ተጎታች ተጭኖ ከከተማ መጣ። ቀይ ምልክት ያደረገው ሰውዬ ቀድሞ በራችን ላይ ቆሟል። እኔን ተነሺና ዕቃ አውጪ ቢለኝ «እጅጌ ይዣለሁ» አልኩት። መገንጠያው ላይ የሆነውን ግን ኋላ የነገረኝ ራሱ የተጎታቹ ሾፌር ነው። ከአክስቴ አጠገብ አቁሞ «እናቴ፣ ወንዙ ዳር የሚፈርሰው ቤት በየት ነው?» ይላታል። እኔ ብሆን ድልድዩን አሻግሬ ዓለም ጥግ ድረስ እሰደው ነበር!

«በቀኝ ነው» አለችው። «የኔ ቤት ነው። ቀጥ ብለህ ሂድ። ስትዞር የግቢውን ጥግ ተጠንቀቅ።»

«የእርስዎ ከሆነ ታዲያ ለምን ያሳዩኛል?»

«መንገድ ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ። ሰው ማሳሳት የነሱ ሥራ ነው እንጂ የኔ አይደለም።»

ሾፌሩ እኛ በር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ሎደሩን ግን አላወረደም። «ይሄ ማዞሪያ ለማን ነው የሚሠራው?» አለው ሰውዬውን።

«ለሚጠፉ መኪኖች።»

«የታሉ?»

ሁላችንም መንገዱን አየን። ዶሮዎቹ ተኝተዋል። «ይመጣሉ፣ ትንሽ ጠብቅ» አለ ሰውየው። ጠበቅን። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ አንድ ብስክሌት እንኳ አልመጣም። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

«አክስቴ እዚያ ከቆመች ወዲህ በዚህ መንገድ የመጣው የናንተ ሎደር ብቻ ነው! እሱም ጠፍቶ ሳይሆን ጠይቆ ነው! ቤታችንን አፍርሳችሁ ለዶሮዎቻችን ነው ማዞሪያ የምትሠሩት?»

ሰውየው ራቅ ብሎ ለአለቃው ደወለ። ሲመለስ ዓይኔን ማየት ከብዶታል። «ማዞሪያው ለጊዜው ቀርቷል» አለ።

«ሰሌዳውስ?»

«አለቃዬ… ሰው ካልጠፋ ሰሌዳው ደህና እየሠራ ነው ማለት ነው አሉ።»

እስቲ ሰው ምን ይበል! በሩጫ መገንጠያው ጋ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። «አውልቂው! ነገ አትቁሚ! ይጥፉና ይዩት!» አልኳት።

«የሚጠፋው ሾፌር ምን አደረገኝ?» አለች። «ደግሞም እኔ ስቀመጥ ሎደሯ ትመለሳለች። ሰሌዳውን እስኪያርሙት ድረስ አለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

አሁን ሰኞ ሰኞ ካባዋን እንደለበሰች ሁለቱም ቢሮ ትገባለች። ወንበር ስባ ተቀምጣ የዩኒፎርም እጅጌ ትዘመዝማለች። የወዲህኞቹ ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያያት ለአለቃው ይደውላል አሉ። ቀዩ ምልክት ግድግዳችን ላይ አለ፤ ልፋቀው ብላት ከለከለችኝ።

ሰሞኑን ጉልበቷ አበጠ። ጠዋት ስነሳ ሌላ ቢጫ ካባ ስፌት መኪናው ላይ ታጥፎ አገኘሁ። ልኬን አልወሰደችም፤ ለበስኩት፣ ልክክ አለ። መገንጠያው ላይ እንደቆምኩ አብራኝ የተማረች ልጅ በሚኒባስ መስኮት አየችኝና አፏን ይዛ ሳቀች። አንገቴን ደፋሁ። አክስቴ ዛፉ ስር ዱካዋ ላይ ሆና፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ!» አለችኝ። «ቀስቱ እየጎበጠ ነው።»