የግራ እግር ቡትስ

ክረምት ሲቃረብ ሸዋ ሮቢት ሰልባጅ ተራ የሚመጣው ሁሉ ቦቲ ይፈልጋል። አንዲት ሴት የምታገላብጠው ግን የቆዳ ቡትስ ብቻ ነው፤ ብብቷ ሥር የያዘችውን ፌስታል አንዴም አታስቀምጥም።

ከእኔ መደብ ጎን ያለው ጫማ ነጋዴ ዩኑስ ሌባ እንዳይወስድበት ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ይሰቅላል፤ ሌላውን ጆንያ ውስጥ ይደብቃል። እሷ ስትመጣ ግን ሳትጠይቀው ይዘረግፍላታል።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው የልጇ የቀኝ እግር ቡትስ ነው፤ እኛ በጉርምስናችን እናደርገው የነበረ ዓይነት፣ ባለ ሰፊ ተረከዝ። ልጁ የድሮ ፋሽን ወድዶ ካራቆሬ ጫማ ሰፊ ዘንድ ያሰፋው ነው። አጣዬ ስትቃጠል አንዱ ወልቆበት በሌላው ሮጠ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። የጠፋባትን የምትፈልግ ሴት ፊት ላይ ይህ ሁሉ ፍርሃት ከየት መጣ እያልኩ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

ዛሬ እጇ አንድ ቡናማ ቡትስ ላይ ደረቀ። ፌስታሉን ፈትታ ተረከዝ ለተረከዝ ስታስተያይ እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። አይገጥምም።

"አይዞዎት እትዬ፣ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ይገኛል" አላት ዩኑስ።

"አታሟርትብኝ!" አለችው። "እዚህ ከተገኘማ ከልጄ እግር ላይ አውልቀውታል ማለት ነው።"

ፌስታሏን አቅፋ ወደ መናኸሪያው ስትሄድ እርምጃዋ ቀሎ ነበር።