የካፒቴኑ ጢም

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ የአንድ ፍላሽ ዋጋና ሱቄን ዘግቼ የዋልኩበት አንድ ከሰዓት ነው፤ ለነጋዴ ርካሽ ነው። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ቴሌቪዥን እሸጣለሁ። የልጅነታችን የጠፈር ፊልም በአዲስ መልክ ተሠራ ሲባል፣ ከስር አማርኛ የተጻፈበትን አስገለበጥኩና ጉሌድን ጠራሁት። ዛሬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያኔ ገንደ ቆሬ ሰፈር በአንድ ሰሌን ላይ ትከሻ ለትከሻ የምንቀመጥ ልጆች ነበርን።

ስክሪኑ ሲሞቅ የፕላስቲኩ ሽታ ወደ አዴ ፋጡማ ቪዲዮ ቤት ወሰደኝ። ቆርቆሮው በድሬ ፀሐይ እየተንጣጣ፣ ሃምሳ ልጅ ላቡን በሸሚዙ እየጠረገ፣ መርከቧ ከከዋክብት መሃል ስትወጣ ትንፋሻችንን የምንውጥበት ቤት ነበር። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ከጅቡቲ በሚመጣ ዕቃ ካርቶን ላይ ከሚጻፈው በስተቀር እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ግን ንግግሩን በአማርኛ ጀምሬ፣ በሶማሊኛ አጋምሼ፣ በኦሮምኛ ስምልበት ማንም አይጠራጠረኝም። አዴ ፋጡማ ቤቱ ሲሞላ ሁለት ሳምቡሳ፣ ሳይሞላ ግልምጫ ትከፍለኛለች።

በሁለተኛው ክፍል ካፒቴኑ መርከቧን ሊጠግን ወጥቶ ጨለማው ሲውጠው፣ ልጁም በመስኮት እያየ ሲያለቅስ፣ አባቱ በባቡር ጅቡቲ ሄዶ የቀረበት ጉሌድ እጄን ጨመቀኝ።

«ሞተ እንዴ?»

መሞቱን ዕውርም ያየዋል። እኔ ግን ካፒቴኑ ከሞተ ሦስተኛውን ክፍል ማን ይገባል ብዬ አሰላሁና «አልሞተም፤ ‹ጠብቀኝ፣ እመጣለሁ› ነው ያለው» አልኩ። ለጓደኛዬ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ለሳምቡሳው ነው።

በሳምንቱ ቤቱ እስከ በሩ ሞላ፤ ካፒቴኑ ግን የለም። ሲጨንቀኝ አንድ ጢማም ሽማግሌ ብቅ አለ፤ «ይኸው መጣ! ጢም አብቅሎ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ ጉሌድ ባቡር በገባ ቁጥር ለገሐሬ ጣቢያ ቆሞ የጢማም መንገደኞችን ፊት ይመረምር ነበር። የአባቱ መርዶ ሲመጣ አላመነም። እናቱ ሐዘን ስትቀመጥ፣ ዓመታት ቆይታም ስታገባ፣ ከሃዲ ብሏት ጀልዴሳ ያለው አጎቱ ጋ ገባ።

አዲሱ ፊልም መቼም ያምራል፤ መርከቧ እንደ መስታወት ታበራለች፤ እኔ የድሮዋን፣ የምትንቀጠቀጠዋን ናፈቅኩ እንጂ። ከዚያ ካፒቴኑ መርከቧን ሊጠግን ወጣ። ከስር «አትጠብቀኝ፣ ልጄ» የሚል ተጻፈ።

«አቦ፣ አበላሹት!» ጉሌድ ከወንበሩ ተነሳ። «ወሪያ፣ የድሮው ‹ጠብቀኝ› አይደል ያለው? አንተ አይደለህ የተረጎምክልን?»

ደንበኛ ለማሳመን አንድም ቀን ቃል አጥቼ አላውቅም።

«ልክ ነህ» አልኩት፤ «የድሮው ይሻላል።»

«የዛሬ ሰዎች ፊልም የት ያውቃሉ!» ብሎ ረክቶ ተቀመጠ። እኔ ፊቴን እንዳያይ ዞሬ አቧራ የሌለበትን መደርደሪያ ጠረግሁ።

እናቱ ከሞተች ቆየች። ሳይታረቁ ነው የሞተችው። እኔም ‹ጠብቀኝ› ያልኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም።