ክንዱ ያነጠረው የሞተር ዘይት

ጎረቤቴ ክንዱ ከበላዩ ላለ ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ከበታቹ ላለ ደግሞ እሺ ብሎ አያውቅም። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። አለቃው ሲያስነጥስ መሐረብ ይዞ የሚነሣ ሰው ነው። እኔ የብርጓል በአንድ አጥር ስለምንዋሰን ከእናቱ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁትን ያህል ንቄዋለሁ።

ሚስቱ ሰገነት ግን ሰው ናት። የማክሰኝቱ እህል ነጋዴ የአቶ ዓምደ ሚካኤል አንድያ ልጅ ናት። አባቷ ዓይናቸው ሲደክም አሮጌ ቮልሳቸውን ለእሷ ሰጧት፤ ከመኪናዋ ጋርም፣ «ዘይቷን ሳይጠቁር አስለውጪላት፣ አገሩ ሙቀት ነው፣ ከአርባ ቁጥር የቀጠነ እንዳታስነኪያት» ብለው አደራ አሏት። መንጃ ፈቃድ የነበረው ክንዱ ስለሆነ አገሩ ሁሉ «የክንዱ ቮልስ» አላት። እሱም አላፈረም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት አቶ ዓምደ ሚካኤል አረፉ። አርባቸው ቅዳሜ ሊወጣ ቀን ተቆረጠ። አንድያ ልጅ ከአባቷ ፍትሐት ከቀረች በዚያ አገር እስክትሞት ሲወራባት ይኖራል፤ ሰገነትም ከወሬው ይልቅ የአባቷ ነገር እያንገበገባት ስለ መንገዱ ብቻ ታስብ ነበር። የቮልሷ ዘይት ቅጥራን መስሏል። በዚያ ዘመን እንኳን የሞተር ዘይት ስኳርም የሚገኘው በቀበሌ ነው። ደግነቱ የአጎቷ ልጅ አምሐ ከአሰብ የሚመላለስ ሾፌር ነበርና አንድ ቆርቆሮ አርባ ቁጥር፣ ያልተከፈተ፣ አመጣላት። ቆርቆሮውን እቅፍ አድርጋ ተቀበለችው።

በዚያው ሰሞን ክንዱ የቀበሌ ኮሚቴ ውስጥ ለመመረጥ ያሰፈሰፈበት ጊዜ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደሞዝ አሮጌ ፊያት ነበረችው። ስብሰባ ላይ ዘይት ጠፋ ብሎ ቢያማርር፣ የእኛ ጀግና ያን አርባ ቁጥር በጄሪካን ገልብጦ እቤቱ ድረስ ተሸክሞ ወሰደለት። የዓመት በዓል ሙክት የሚያስገባ እንጂ የሚስቱን ዘይት የሚሰጥ አይመስልም ነበር አሉ ያዩት።

ከዚያ የቮልሷን አሮጌ ዘይት ቀድቶ ጓሮ እሳት ላይ ጣደው። ጭሱ ቢያፍነኝ በአጥሩ ብቅ ብዬ፣ «ምን እያደረግህ ነው?» አልሁት።

«ለአጥሩ እንጨት ነው እትዬ። ምስጥ ፈጀብኝ እኮ» አለኝ። አመንሁት፤ የተቃጠለ ዘይት ምስጥ ይከላከላል።

ውሸቱን ነበር። ሰውዬው ዘይቱን እያነጠረ ነው። እናቱ ቅቤ ስታነጥር እያየ እንዳደገው፣ አረፋውን እየገፈፈ፣ እያሰከነ፣ ላይ ላዩን እየቀዳ በአሮጌ ነጠላ አጠለለው። ኮረሪማና ኮሰረት ብቻ ነው የቀረው። ግማሹ ተኖ፣ ግማሹ በነጠላው ላይ ቀርቶ ቢጎድልበት ከጓዳ የኑግ ዘይት አምጥቶ ሞላበት። በባዶው ቆርቆሮ መልሶ ጨመረና ሐሙስ ዕለት ሰገነትን አስጠርቶ ዓይኗ እያየ ሞተሩ ውስጥ ገለበጠው። እሷ ምስኪን፣ «ተባረክ» አለችው።

ዓርብ እንሂድ ብትለው ስብሰባ አለብኝ አለ። ምርጫው ነበር። ጓድ ደሞዝ ዘይቱን እንደ ተቀበለ አማቹን አስመረጠ፤ የክንዱን ስም ያነሣም የለ። ክንዱ ግን እንደ ሌላው ሁሉ እጁን አውጥቶ ለዚያው ለሊቀ መንበሩ አማች ድምፅ ሰጠ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣን፤ እኔም ለቅሶ ደራሽ ሆኜ ኋላ ተቀምጫለሁ። ዓባይ ማዶን እንዳለፍን የጾም ወጥ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝ። ከመንገድ ዳር ቤት መስሎኝ ተውሁት። ወረታን ስናልፍ ሰገነት ቀዩን የዘይት መብራት አየችና፣ «ይኸ መብራት ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«መብራቱ ነው የተበላሸው» አለና መንዳቱን ቀጠለ።

አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ሞተሩ ይቀጠቅጥ ጀመር፤ ከዚያ አንዴ ጓ ብሎ ቀጥ አለ። ሰገነት ወርዳ የኋላውን ክዳን ከፈተች። ጭሱ እስኪበርድ ጠብቃ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዘችው። ሙጫ የመሰለ ነገር ተጎትቶ ወጣ። በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

«ይህ ኑግ ነው። የአምሐ ዘይት የት ገባ?»

«ለጓድ ደሞዝ... ለኛው ብዬ ነው እኮ ሰገነት። ቦታውን ባገኘሁ ምን ይቀርብን ነበር?»

ዘንጉን ጠርጋ መልሳ ሰካችው። እኔ ብሆን በዚያ ዘንግ አናቱን ባልሁት ነበር። ፀሐዩ ከፍ ብሎ አንድ የጤፍ ጭነት መኪና መጣና ሁለታችንን ጋቢና አስገባን። ክንዱ ጭነቱ ላይ ሊወጣ እግሩን ቢያነሣ፣ «አንተ እዚሁ ሁን» አለችው። ሆነ። ሲያዙት መሆን ያውቅበታል።

ማክሰኝት ስንገባ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው፣ ተዝካሩ ተበልቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ዱላቸውን እያነሡ ነበር። አክስቷ ወለተ ሩፋኤል፣ «እግዜር ያጥናችሁ የሚለውን ሰው የጎረቤት ልጅ ናት በቦታሽ ቁማ የተቀበለችው» አለቻት። ሰገነት ባዶው ዳስ ውስጥ ተቀምጣ ብቻዋን አለቀሰች። እኔም ከእሷ ጋር አለቀስሁ፤ ግማሹ ልቅሶዬ ንዴት ነበር።

ሰገነት ከማክሰኝት አልተመለሰችም፤ እኔም አብሬያት ሰነበትሁ። ሳምንት ሳይሞላ ክንዱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን እንዲናገር ቢጠይቁት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከግምጃ ቤት የጎደለ ዕቃ የሚያስረዳ ይመስል እሳቱን፣ አረፋውን፣ ነጠላውን አንድ በአንድ ተረከላቸው።

«ጥፋቴ አንዴ ብቻ ማንጠሬ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁለተኛ ባነጥረው ኖሮ እንገባ ነበር። ለሌላ ጊዜ አውቄያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሰገነት ዞሩ።

«አባቴ ሁለተኛ አርባ የላቸውም» አለቻቸው፤ ክንዱን አላየችውም።