ከፋብሪካ ስትወጣ

በኦሃዮ፣ ባለ ትልቅ ሞተር አሮጌ መኪኖች ትርኢት ላይ፣ ቬርና መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ምን እንደነበሩ የሚያሳዩ መዝገቦቿን ከዘረጋችበት ጠረጴዛ ፊት አንድ ሽማግሌ ቆመ። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሌላው ሁሉ ስለ ሞተርና ስለ ማርሽ ይጠይቃል፤ እሱ የፈለገው ከሟቹ እንጀራ አባቱ የወረሳት ጥቁር መኪና መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረች ብቻ ነው። የሻንሲ ቁጥሯን የጻፈባትን ወረቀት ሰጣት።

«ብቻ ቢጫ እንዳትይኝ፣ እመቤት» አላት።

ቬርና መዝገቡን ገልጣ አየች። ቢጫ ይላል።

«አባቴን ገጭታ ገድላ ያመለጠችው መኪና ቢጫ ነበረች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንጀራ አባቴ በዓመቱ እናቴን አገባ። መኪናው ከፋብሪካ ስትወጣም ጥቁር ነበረች ይለን ነበር።»

«እናትዎ ጠርጥረው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሮ አየ።

«ጠይቀህ ንገረኝ ያለችኝ እሷ ናት። እዚያ ጥቁሯ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።»