በሙቀት ክፍሉ መስኮት

ወታደሮቹ «ሲስተር በቃ» ይሏታል። የሠራዊቱ ምርምር ማዕከል ነርስ ናት። ሙሉ ትጥቅ የተሸከመ ወታደር በሙቀት ክፍሉ ውስጥ፣ መሮጫ ማሽን ላይ እየተራመደ የበረሃን ሐሩር ምን ያህል እንደሚችል ይጠናል። ፊቱ ከተለወጠባት «በቃ» ብላ ታስቆመዋለች። ቶሎ ታስቆማለች ብለው ያሟታል። ይሟት፤ እስካሁን አንድም ሰው በእጇ አልሞተም።

ያን ቀን ግን ከመስታወቱ ወዲያ የሚራመደው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ለበረሃው ጓድ የሚመረጡት ፈተናውን የጨረሱ ብቻ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ከመመረጥ ሌላ ወሬ የለውም። ለወንድሟ አዳላች እንዳትባል አፏን ይዛ ቆመች።

ከጎኗ ያለው ሐኪም ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ወታደሮቹ ክኒን የምታክል ቴርሞሜትር ይውጣሉ፤ የሆዳቸውን ሙቀት ወደ ስክሪኑ የምትልከው ክኒኗ ናት።

«ቁጥሩ ደህና ነው» አለ።

ሙቀቱ አእምሮውን እንዳላወከው ለማወቅ፣ እንደ ደንቡ ወንድሟን በማይክሮፎኑ ጠየቀችው። «እንዴት ነህ? የት ነው ያለኸው?»

«አንቺ ምን አገባሽ።»

ክው አለች። ይህ ልጅ «እታለም» ሳይል ውሃ እንኳ አቀብዪኝ ብሏት አያውቅም።

ያኔ ትዝ አላት። አንዳንድ ጮሌዎች ከመግባታቸው በፊት በረዶ ቆርጥመው ክኒኗን እንደሚሸውዱ፣ ሆድ ሲቀዘቅዝ ቁጥሩም እንደሚዋሽ፣ ቤት እራት ላይ እየሳቀች ያወራችው ራሷ ናት። ሁሉም ሲስቅ እሱ ብቻ አልሳቀም ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ።

«ዶክተር፣ በረዶ በልቶ ነው የገባው» ብላ በሩን በረገደችው። ማሽኑን አጥፍታ ክንዱን ስትይዘው በክርኑ አፏን አላት። አልለቀቀችውም። ሐኪሙም ሮጦ ደረሰ፤ እየጎተቱ በረዶ የሞላው ገንዳ ውስጥ ነከሩት። ሰውነቱ እሳት ነው። ዓይኑ ተገልጧል፣ ግን አያያትም። አንገቱን ደግፋ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ትላለች፤ ነርስነቱ ሁሉ ጠፍቶባታል።

ሐኪሙ ደጋግሞ ለካው። በመጨረሻ «እየወረደ ነው» አለ።

ወንድሟ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ያበጠውን ከንፈሯን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እታለም፣ ማነው የመታሽ?» አለ፣ ለመነሳት እየታገለ። «ንገሪኝ ብቻ፣ አሳየዋለሁ።»

«በሩ ነው» አለችው፣ ትከሻውን ወደ በረዶው መልሳ እየተጫነች።