ድፎ የገባበት ሙሾ

መጻፍ የጀመሩ ሴቶች ቤቴ እየመጡ «እንዴት ብንጽፈው ነው ሰው ልብ የሚገባው?» ይሉኛል። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ፊደሉንም ለብቻዬ ነው የለቀምኩት። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ «አዘነች» ከማለት፣ ያዘነችው ሴት በእጇ ምን እንደያዘች መናገር ይበልጣል። ይህን የተማርኩበትን ቀን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አፍሬ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ልጅ እግር ነበርኩ። አክስቴ በቁይ ዙሪያ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ናት፤ በየለቅሶው እየተከተልኩ ግጥሙን ለመድኩ። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ሞት ተሰማ። ከአርበኞች ጎን ተሰልፎ ሲዋጋ ነው የወደቀው። ቤተ ዘመዱ ግን የባንዳን ጆሮ ፈርቶ «ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው» አለ።

አልቃሽ ከለቅሶ በፊት የሟችን ነገር ከዘመድ ትጠይቃለች፤ ደንቡ ነው። እኅቱን ጓዳ ውስጥ ያዝኳት። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ቤቷ ያሳደረችውን ባልቴት፣ ይመለሳል ብላ የጋገረችለትን ድፎ ሳይቀር።

በለቅሶው ቀን ሬሳ ስላልነበረ ልብሱን ዘርግተን ቆምን። አክስቴ ስለ ቁመናው፣ ስለ ደግነቱ አወረደች። ሰዉ በልኩ አለቀሰ። እኔ ተቀበልኩና፦

ከሾላው ሥር ካለች ከዚያች ሰቀላ ቤት፣
ድፎ ጋግራ ቀረች ያሳደረችህ ሴት።

ለቅሶው ተደበላለቀ፤ ወንዶቹ እንኳ ደረታቸውን መቱ። አክስቴ ነጠላዬን ሳብ አድርጋ «በቃሽ፣ አንቺ ልጅ!» አለችኝ። ቀናችብኝ አልኩ በልቤ። ደገምኩት። ሠለስኩት።

ከለቀስተኛው መሐል የባንዳ ጆሮ ነበርና፣ በሳምንቱ ባንዳዎች ወታደር መርተው መጡ። አካባቢው ሁሉ ክብ ጎጆ ነው፤ ሾላ ሥር ያለ ባለ አራት ማዕዘን ሰቀላ ያ አንዱ ብቻ። አቃጠሉት። ባልቴቷንም ደብረ ማርቆስ ወስደው አሰሯት። አክስቴ አልተቆጣችኝም። «ሙሾ እኮ ለቀስተኛውን መርጦ አይገባም፣ ልጄ» አለችና ፊቷን አዞረች። በዱላ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባልቴቷ ተፈታች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ አየኋት፤ ከስታለች፣ ነጠላዋም የሰው ነው። እግሯ ላይ ልወድቅ ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ እኔ...»

«አልቃሿ ነሽ፣ አውቄሻለሁ። ቤቴን ያስቃጠለው ያንቺ ሙሾ ነው አሉ።»

«አዎ። እኔ ነኝ ያስቃጠልኩብዎ።»

ክንዴን ይዛ «ለቅሶው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር» አለችኝ። «ለካ ድፎውን ሰው አውቆልኛል ብዬ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እስቲ ድገሚልኝ።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደገምኩላት። የመጀመሪያውን ስንኝ አፌ እንቢ አለኝ፤ ሁለተኛውን ብቻ አልኩት። ነጠላውን ዓይኗ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች፤ ልክ እንደዚያ ቀን።

ለካ ሾላውም ሰቀላውም አያስፈልጉም ነበር። ድፎው ብቻውን ይበቃ ነበር።