የስፖርት መምህሩን ዋንጫ ለማየት ወደ ቴፒ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት — ሚዛን ተፈሪ

መናኸሪያው ስደርስ ጉሙ ገና ከኮረብታው ላይ አልተነሣም። ኮት ለብሻለሁ፤ ከረቫትም አስሬአለሁ። የሚኒባሱ ሾፌር ከላይ እስከ ታች ቃኘኝና ሳቀ።

«አባባ፣ ተሸላሚው እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም» አልኩት። ከዚያ በላይ ላስረዳው አልፈለግሁም።

ለአንባቢ ግን ማስረዳት ይገባኛል። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው አገር አቀፍ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት፣ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ተብሎ የተሸለመው የቴፒው ማቴዎስ ነው። ሃያ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እኔ አማርኛ፣ እርሱ ስፖርት። ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ከተማሪ ጋር ይሮጥ የነበረ ሰው! ጽሑፉን ከዓመታት በፊት በደብተር አምጥቶ ሲያሳየኝ፣ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ብዕር አርሜ መልሼለታለሁ።

ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እዚሁ ሚዛን አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ስሙ ሲጠራ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ፤ ዳኞቹ ያሉትንም አልሰማሁም። ዛሬ ቴፒ አቀባበል ታደርግለታለች፣ እኔም ተጠርቻለሁ። የምሄደው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ በዚያ ዋንጫ ውስጥ የእኔ እርማት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው። እውነቱን ለመናገር፣ እኩሌታው የእኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ሰዓት — ሸኮ

መንገዱ እየተጠማዘዘ ደኑን ይሰነጥቃል። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና ቀልቷል፤ በየደጁም እንዲደርቅ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። የተቀቀለ ጎደሬና ሙዝ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ከጎኔ የተቀመጠች የሸኮ እናት ሙዝ ገዝታ አንዱን ሰጠችኝ።

«ፊልሙ ላይ ልጄ አለች» አለችኝ። «ቡና ስትለቅም። በጀርባዋ ነው የታየችው።»

«በጀርባዋ እንዴት ታውቂያታለሽ?»

«ቀሚሱን የገዛሁላት እኔ አይደለሁ!» ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። «ሰውዬውን ያውቁታል?»

«አብረን ሠርተናል።»

«ታድለው!»

ሙዙን በላሁ።

አራት ሰዓት ተኩል — ቴፒ

ሙቀቱ ከረቫቴን አስፈታኝ። ገበያው ዳር ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወት ላይ የማቴዎስ ፎቶ ተለጥፏል፤ የሚቀጥለውም ላይ፣ ከኋላ የሚመጣውም ላይ። ማቴዎስ አቀባበሉ ከሚደረግበት አዳራሽ በር ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ።

«ጋሼ፣ መጣህልኝ! ና፣ ፊት ነው የምትቀመጠው።»

ግድግዳው ላይ በተወጠረ ነጭ ጨርቅ የሽልማት ሥነ ሥርዓቱን ቅጂ አሳዩን። ወርቃማ ቀሚስ የለበሰች አስተዋዋቂ ፖስታውን ቀደደች። ከዚያ የዳኞቹ ሰብሳቢ ተናገሩ፤ አባት መናኸሪያ ላይ ልጁን ሲጠብቅ፣ ቃል ሳይነገር የሚያልፈው ረጅም ትዕይንት ሁሉንም ዳኞች እንዳስማማ ገለጹ።

ያንን ገጽ አስታውሰዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በኅዳጉ ላይም «ዝም ብሎ የቆመ ሰው ምን ይታያል?» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ማቴዎስ መድረክ ወጣ። «ይህን ደብተር እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበበልኝ አንድ ሰው ነው» ብሎ ስሜን ጠራ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ዋንጫውን እጄ ላይ አኖሩት፤ ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ቶሎ መለስኩለት።

ምሳ ላይ ለብቻችን ስንሆን ጠየቅሁት።

«ከእርማቴ የተቀበልከው አለ?»

«አንድም!» ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ አንተ አጥብቀህ የሰረዝክበት ቦታ ሁሉ የሆነ ነገር አለው ማለት ነበር። ካልቆረቆረህማ ዝም ብለህ ታልፈዋለህ።»

ከዚያ አዲስ ጽሑፍ አስታቀፈኝ። «አንብብልኝ። እንዳትራራ።»

እሑድ ጠዋት — ወደ ሚዛን

በመስኮቱ በኩል ጫካው ያልፋል፤ እኔ አነባለሁ። ገና አሥር ገጽ ሳልገፋ ቀናሁ። ይህን በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደ መጨረሻው ግን እናቲቱ ልጇን የምትሰናበትበትን ስፍራ አገኘሁ፤ ደካማ ነው፣ ልቅሶ ብቻ። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም። ወዲያው ደወልኩለት።

«የእናትየዋ ስንብት አይሆንም» አልኩት።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። እንዴት ይሁን ታዲያ፣ ጋሼ?»

ገጹን መልሼ ገለጥኩ። «ሄሎ? ጋሼ?» ይላል። አይሆንም ስል ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ እንዴት እንደሚሆን ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ራሴንም ጠይቄው አላውቅም።

«ኔትወርኩ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ያችን እናት በራሴ ብዕር ደጃፏ ላይ አቆምኳት። ይህን የመጨረሻ ማስታወሻ የጻፍኩት እርሷ ምን እንደምትል ስጠብቅ ነው። እስካሁን አራት መስመር አለኝ። አንዱንም አልሰረዝኩም።